አዲስ ላፕቶፕና የሊኑክስ የቀን መቁጠሪያ

በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የላቁት አምስት መቶ ኮምፒዩተሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ይመዘገባሉ። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት 500ውም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የዘረመል ትንተና፣ የፕሮቲን ቅርጽ ስሌት የሚካሄድባቸው ታላላቅ ማሽኖች ሌላ ስርዓተ ክወና አያውቁም። በአንጻሩ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቅርቡ ባገኘው ላፕቶፕ ላይ ይህንኑ ሊኑክስ ሲጭን ዋይፋይ የለም፤ ድምፅ የለም፤ ክዳኑን ዘግቶ መልሶ ሲከፍተው ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ልጓም የሚመራ ስርዓት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የዋይፋይ ካርድ እንዴት ታቅተዋለች?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ በየቤተ ሙከራውም እንደ ቀልድ ይነሣል። መልሱ ግን ከሥራው ክብደት ጋር አይገናኝም። ሱፐር ኮምፒዩተር ሲገዛ ገና ከጨረታው ሰነድ ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍሉ ለሊኑክስ ተብሎ ይመረጣል፤ አቅራቢውም በሊኑክስ አሠርቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ላፕቶፑ ለሌላ ስርዓት ተሠርቶ፣ በሌላ ስርዓት ተፈትኖ፣ ሌላ ስርዓት ተጭኖበት ከፋብሪካ ይወጣል። ሊኑክስ ወደዚያ ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነው፤ ያውም መኝታ ያልተነጠፈለት እንግዳ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ድራይቨር ምን እንደሆነ ማስታወስ ያሻል። ከርነል የሚባለው የስርዓቱ አስኳል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መሣሪያ በቀጥታ አያውቀውም። ዲስኩን፣ የድምፅ ቺፑን፣ ካሜራውን የሚያናግርለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ አስተርጓሚው ድራይቨር ነው። ይህን አስተርጓሚ ለመጻፍ ሁለት ነገሮች የግድ ናቸው፤ መሣሪያው በእጅ መኖሩና የመሣሪያው ቋንቋ መታወቁ። ሊነስ ቶርቫልድስ በኦገስት 25 ቀን 1991 ከሄልሲንኪ ስለ ጅምር ሥራው ባሠራጨው አጭር ማስታወቂያ ላይ ስርዓቱ ምናልባት ኤቲ ከሚባለው የሃርድ ዲስክ ዓይነት በቀር ሌላ መቼም እንደማይደግፍ ገልጾ ነበር። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ በእጁ ያለው እሱ ብቻ ነበር። በትንበያው ተሳስቷል፤ ምክንያቱ ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ዓመታት አልተሻረም። ድራይቨር የሚጻፈው መሣሪያው በጠረጴዛው ላይ ባለ ሰው ነው።

የመሣሪያውን ቋንቋ የማወቁ ጉዳይ ደግሞ ከሊኑክስም የሚቀድም ጠብ አለው። በ1980 ገደማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ አዲስ የመጣ የሌዘር ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ሲያስቸግር፣ ማተሚያው በቆመ ቁጥር ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ማሻሻል ፈለገ። ለቀድሞው ማተሚያ እንዲሁ አድርጎ ነበር። የአዲሱ ምንጭ ኮድ ግን ተከለከለ፤ ኮዱ በእጁ የነበረው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ለማንም ላለማካፈል ፈርሟል። ስቶልማን በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ለማወጅ ካበቁት ገጠመኞች አንዱ ይህ እንደነበረ በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል። ንቅናቄው ዛሬ በፍልስፍና ቃላት ይገለጻል፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ግን የተጣበቀ ወረቀት ነበር።

ይኸው የቋንቋ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዋና እሮሮ ሆኖ ቆይቷል። በጃንዋሪ 2007 ከከርነሉ ቀዳሚ ገንቢዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮ ሃርትማን ለኩባንያዎች ያልተለመደ ጥሪ አቀረበ፦ የመሣሪያችሁን ዝርዝር መግለጫ ስጡን፤ ድራይቨሩን ያለ ክፍያ እንጽፋለን፤ ምስጢር ካለውም ውል እንፈርማለን። ጸሐፊ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ሰነድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሁኔታው በእጅጉ ተለውጧል። ዛሬ በከርነሉ ላይ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ትልልቆቹ የቺፕ አምራቾችም የሊኑክስ ድራይቨራቸውን በራሳቸው መሐንዲሶች ያስጽፋሉ። ይህ ሁሉ ተሻሽሎ ሳለ አዲስ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ዛሬም የሚቸገረው፣ ችግሩ ከዕውቀት ወደ ጊዜ ስለተዛወረ ነው። ይህንንም አንድ ቺፕ ተከትሎ ማየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ሜዲያቴክ ኤምቲ7921 የተባለው የዋይፋይ 6 ቺፕ በ2021 ለገበያ በቀረቡ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ገብቷል። ድራይቨሩ አልተሸሸገም። የአምራቹ መሐንዲሶች ራሳቸው ጽፈው ለከርነሉ አበረከቱት፤ በኤፕሪል 2021 መጨረሻ በወጣው በከርነል 5.12 ውስጥም ተካተተ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ የለም። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው ከርነልን ለብቻው ከምንጩ አይቀዳም። እሱ የሚጭነው ኡቡንቱን፣ ዴቢያንን ወይም ፌዶራን የመሰለ፣ ከርነሉንና ሌሎች ፕሮግራሞችን አስማምቶ የያዘ የተዘጋጀ ስርጭት ነው። አዲስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ ስርጭቶቹ ግን የየራሳቸው የቀን መቁጠሪያ አላቸው።

ኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትሙን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ነው። የ2020 ዕትሙ፣ ማለትም 20.04፣ መጀመሪያ የወጣው በከርነል 5.4 ነበር። ለአዳዲስ ማሽኖች ሲባል በየመንፈቁ ገደማ አዲስ ከርነል የያዘ የታደሰ የመጫኛ ፋይል ይወጣለታል። በኦገስት 2021 የወጣው ሦስተኛው እድሳት የያዘው ከርነል 5.11 ነበር። ድራይቨሩ ያለው በ5.12 ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ። ድራይቨሩ ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ ለሕዝብ ወጥቶ አራት ወር ገደማ ሆኖታል፤ በዚያ ክረምት አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ታማኝ የተባለውን ዕትም በጥንቃቄ የጫነ ሰው ግን ከአንድ ቁጥር በታች ቆሟል። ቀጣዩ እድሳት፣ ከርነል 5.13ን ይዞ፣ የደረሰው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። ፌዶራን የመሳሰሉ ፈጣን ስርጭቶችን የሚጠቀም ሰው ይህን ሁሉ ወር አይጠብቅም። ነገር ግን ተማሪ ስርጭቱን በምርጫው አይወስንም። አማካሪው የሚሠራበት፣ የቤተ ሙከራው መመሪያ የተጻፈበት፣ የምርምር ፕሮግራሙ የተፈተነበት ዕትም አለ፤ ብዙውን ጊዜም ያ ዕትም የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ኡቡንቱ ነው።

የስርጭቶቹን ዝግታ ስንፍና አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከርነሉን በየሁለት ወሩ መለወጥ ማለት ትናንት ይሠራ የነበረውን ማተሚያ፣ ትናንት ውጤት የሰጠውን ስሌት ለአደጋ ማጋለጥ ማለት ነው። ተመራማሪ መረጋጋትን ይሻል፤ መረጋጋት ደግሞ የቆየ ከርነል ነው። አዲስ ላፕቶፕ የሚሻው አዲስ ከርነል ነው። ሁለቱም ፍላጎቶች ትክክል ናቸው፤ የሚጋጩትም በአንዱ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህ የወራት ክፍተት አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያው በ2021 ክረምት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ አሜሪካ የምትኖር እህቷ የላከችላትን አዲስ ላፕቶፕ ተቀበለች። የመመረቂያ ጥናቷ የዝናብ ሞዴል ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ሞዴሉ እንደ አብዛኞቹ መሰሎቹ ለሊኑክስ የተጻፈ ነው። ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ጫነች። ሁሉም ነገር ተሳካ፤ ዋይፋዩ ብቻ አልነበረም። ጠፍቷል ወይም ተዘግቷል የሚል መልእክት እንኳ አልታየም፤ ኮምፒዩተሩ ካርድ እንዳለው ጨርሶ አያውቅም። ወደ ጥገና ሱቅ ወሰደችው።

«እህቴ፣ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ በዊንዶውስ ክፈቺው፣ ይሠራል» አላት ባለሙያው።

«አውቃለሁ ወንድሜ፤ እኔ የምፈልገው በሊኑክስ እንዲሠራልኝ ነው።»

«እሱን እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው።»

ምክሩ ትክክል ነበር፤ ኢንተርኔቱ ያለው ግን ከካርዱ ማዶ ነው። ላፕቶፑ መረብ ለማግኘት አዲስ ከርነል ያስፈልገዋል፤ አዲሱን ከርነል ለማውረድ መረብ ያስፈልገዋል። በዚህ ዓይነት አዙሪት ውስጥ ሊኑክስ ከቆየ ሰንብቷል። ለምሳሌ ዴቢያን ምንጩ ያልተከፈተ ፈርምዌርን፣ ማለትም ካርዱ ሲነሣ ወደ ውስጡ የሚጫነውን ትንሽ ፕሮግራም፣ በመደበኛ የመጫኛ ፋይሉ ውስጥ ላለማካተት ለዓመታት በመርሕ ጸንቶ ነበር። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው አሠራሩን ለወጡ፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። መርሑ የሚከበር ነው። የመርሑ ዋጋ ግን በየአገሩ እኩል አልነበረም፤ የኔትወርክ ገመድ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ጉዳይ፣ ገመዱም በዘመናዊ ቀጭን ላፕቶፕ ላይ መሰኪያው በሌለበት ቦታ የሳምንት ሥራ ይሆናል።

ተማሪዋን ከአዙሪቱ ያወጣት ስልኳ ነው። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የሞባይል ዳታን ማጋራት ይቻላል፤ ሊኑክስም ይህን ያለ አንዳች ዝግጅት ይቀበላል። ምክንያቱ ደግሞ ከዚሁ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይገጥማል፦ ስልኮች በዩኤስቢ የሚነጋገሩበት መንገድ የቆየ ስለሆነ ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ተቀምጧል። በዚህ መንገድ፣ የወሩን የኢንተርኔት ፓኬጇን እየቆጠረች፣ ከ5.12 የሚበልጥ ከርነል አወረደችና ጫነች። ላፕቶፑን አጥፍታ ስታስነሣው ግን ማሽኑ አዲሱን ከርነል አላስገባም አለ።

ያገደው ሴኪዩር ቡት ነው። ከ2012 ወዲህ በላፕቶፖች ላይ የተለመደው ይህ ጥበቃ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም አያስጀምርም። የኡቡንቱ መደበኛ ከርነል የተፈረመ ስለሆነ ያልፋል፤ ለሙከራ ተብለው የሚቀርቡት የቅርብ ጊዜ ከርነሎች ግን አልተፈረሙም። ተጠቃሚው የራሱን ቁልፍ ሠርቶ ከርነሉን መፈረምና ቁልፉን በማሽኑ ውስጥ ማስመዝገብ ይችላል፤ ለዚህም መሣሪያው አለ። ጀማሪ ተማሪ ግን አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ወደ ባዮስ ገብቶ ጥበቃውን ያጠፋል። እሷም እንዲሁ አደረገች። አዲሱ ከርነል ተነሣ፤ ዋይፋዩም ታየ።

በማግሥቱ ከመስክ የሰበሰበችውን የዝናብ መለኪያ መረጃ ለማውጣት ወደ ዊንዶውስ ስትመለስ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ተጠየቀች። ዲስኩ ከፋብሪካ ጀምሮ የተመሰጠረ ነበር፤ ሴኪዩር ቡት መጥፋቱን ስርዓቱ እንደ ጥቃት ምልክት ቆጥሮታል። ቁልፉ የተቀመጠው ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ የከፈተው ሰው በሚጠቀምበት የኢንተርኔት አካውንት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የከፈተችው ደግሞ ከመላኳ በፊት መሥራቱን ለማረጋገጥ የፈለገችው እህቷ ናት። አዲስ አበባ ሲመሽ እዚያ ማለዳ ነው፤ እህትየዋም ሥራ ላይ ነበረች። ቁልፉ አኃዝ በአኃዝ በስልክ የተነበበው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። መረጃው ተረፈ። ሌላ ቅጂ እንዳልነበረው ለአማካሪዋ መንገር ግን አላስፈለጋትም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጥፋተኛ መፈለግ አድካሚ ነው። የቺፑ አምራች ድራይቨሩን በጊዜው ጽፏል። ከርነሉ በጊዜው ተቀብሏል። ስርጭቱ ለመረጋጋት ብሎ የገባውን ቃል ጠብቋል። የማስነሻው ጥበቃና የዲስኩ ምስጠራ የተሠሩበትን ሥራ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ባለበት ቦታ ትክክል ነው፤ ድምሩን የከፈለችው ተማሪዋ ናት። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ማማረር አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባሉ ግን ሊመረመር ይገባዋል። ለስርዓቱ የሚከፈል ገንዘብ የለም። የጊዜ ክፍያ ግን አለ፤ እሱም ከመረቡ ርቆ ለሚገኝ፣ የሚጠይቀው ባለሙያ በአጠገቡ ለሌለ ሰው ከፍ ይላል።

ከዋይፋዩ ሌላ ብዙ የሚነገርለት የእንቅልፉ ነገር ነው። የቀድሞ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ ኤስ3 ወደሚባል ሁኔታ ይገቡ ነበር፤ ከማስታወሻው በቀር ሌላው ሁሉ ኃይል ይቋረጥበታል። ከ2020 ገደማ ወዲህ በወጡ ብዙ ማሽኖች ይህ ሁኔታ ከናካቴው ተወግዶ ስልክን በሚመስል እንቅልፍ ተተክቷል። በአዲሱ አሠራር ፕሮሰሰሩም ሆነ ሌሎቹ ክፍሎች ጨርሰው አይጠፉም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድራይቨር አማካይነት ማሸለብ ይኖርበታል። አንዱ ካላሸለበ ቤቱ በሙሉ አይተኛም። ማታ በ90 ከመቶ ባትሪ የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት ከቦርሳ ሲወጣ ግሎና ባዶ ሆኖ ይገኛል። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ እንከን ነው። መብራት ሲጠፋ ቀሪውን ቀን በባትሪ ለሚሠራ ሰው ግን ያቺ ባትሪ የቀኑ ሥራ ናት።

ካሜራም አለ። በ2022 ከወጡት ቀጫጭን የኢንቴል ላፕቶፖች አንዳንዶቹ በዩኤስቢ መንገድ የሚገናኘውን የተለመደ ካሜራ ትተው፣ ጥሬ ምስል በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚልክ የስልክ ዓይነት ካሜራ ይዘው መጡ። የዚህ አሠራር የመጀመሪያ ክፍል ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2024፣ በከርነል 6.10 ነው። ጥሬውን ምስል ወደሚታይ ሥዕል የሚለውጠው ክፍል ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የውጭ ፈታኝ ባለበት የመመረቂያ ውይይት በቪዲዮ የሚቀርብ ተማሪ ሁለት ዓመት ሊጠብቅ አይችልም፤ ከሱቅ ርካሽ የዩኤስቢ ካሜራ ገዝቶ ስክሪኑ ላይ ይሰካል። ያ ርካሽ ካሜራ ወዲያው ይሠራል። የቆየ ነው።

ዲስኩ ራሱ የማይታይበትም ጊዜ አለ። በአሥራ አንደኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠሩ በርካታ ላፕቶፖች ዲስኩን ከልዩ መቆጣጠሪያ ጀርባ አድርገው ከፋብሪካ ስለሚወጡ፣ የጊዜው የሊኑክስ መጫኛ ዲስክ የለም ይላል። በባዮስ ውስጥ አንድ ቅንብር በመለወጥ ይፈታል። ቅንብሩ ያለ ዝግጅት ከተለወጠ ግን አስቀድሞ የተጫነው ዊንዶውስ አይነሣም፤ የማስመለሻ ቁልፉም ጥያቄ እንደገና ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ፍርድ ለሰሚው የተገለበጠ ይመስላል፦ ለሊኑክስ የሚሻለው ላፕቶፕ አዲሱ አይደለም። በመገናኛና በቦሌ የኮምፒዩተር ሱቆች «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው፣ በሌላ አገር መሥሪያ ቤት ሦስትና አራት ዓመት አገልግሎ የመጣው ጠንካራ ላፕቶፕ ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ እንቅልፉም በከርነሉ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። የእሱ ዓይነት ማሽን በብዙ የከርነል ገንቢዎች ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ስሕተቶቹ ሌሎች ሰዎች ተሠቃይተውባቸው ታርመዋል። ተማሪው ባለማገዱ የሚያፍርበት፣ ሽፋኑ የተፋቀ ማሽን ከጓደኛው አብረቅራቂ ላፕቶፕ ቀድሞ ሞዴሉን ማስላት ይጀምራል። በፍጥነት አይበልጠውም፤ በመነሣት ግን ይቀድመዋል። በእርግጥ ያገለገለ ዕቃ የባትሪና የዲስክ ድካም ይኖረዋል፤ እነዚህ ግን ተለክተው የሚታወቁ፣ ተገዝተው የሚተኩ ነገሮች ናቸው።

አዲስ መግዛት የግድ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ከክፍያ በፊት መሆን አለበት። ኡቡንቱ በፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ዲስኩን ሳይነካ፣ ከፍላሹ መነሣት ይችላል። ሻጭ ሁሉ አይፈቅድም፤ የሚፈቅዱ ግን አይጠፉም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዋይፋዩ ይታይ እንደሆነ፣ ድምፅ ይወጣ እንደሆነ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ይመለስ እንደሆነ ይታወቃል። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ክፍል የማን ሥራ እንደሆነና መለያ ቁጥሩን ይዘረዝራል፤ የላፕቶፑ ሞዴል ስም ግን ይህን አይናገርም። አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀለም የሆኑ ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ፤ አምራቾች በፋብሪካ ባገኙት ካርድ ይሞላሉና።

የትምህርት ክፍሎችም ከተማሪው የሚሻል ጉልበት አላቸው። የኮምፒዩተር ግዢ ሰነዶች የፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ የማስታወሻውን መጠን፣ የዲስኩን ስፋት በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ ስለ ዋይፋይ ካርዱ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ። «ከቀረበው ናሙና ላይ የተጠቀሰው የሊኑክስ ዕትም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሥራ» የሚል አንድ መስመር ከሃምሳ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ብዙ ሌሊቶችን ያነሣል። ከዚህም የሚበልጠው የስርጭቱን የፕሮግራም ክምችት ሙሉ ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ ማኖር ነው። ቅጂው አንዴ ከውጭ ከወረደ በኋላ ተማሪው አዲስ ከርነልም ሆነ ፈርምዌር ከውስጥ መረብ ወይም ከቤተ ሙከራው ፍላሽ ይወስዳል፤ የስልክ ፓኬጅ አይቆጥርም። ሥራው አንድ ሰርቨርና የሚከታተለው አንድ ሰው ይጠይቃል። ሰውየው ከሰርቨሩ ይልቅ እንደሚከብድ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል።

ኤምቲ7921 ዛሬ ማንንም አያስቸግርም፤ ማንኛውም የቅርብ ጊዜ ስርጭት ፍላሹ እንደተሰካ ያውቀዋል። በምትኩ ተከታዩ ኤምቲ7925፣ የዋይፋይ 7 ቺፕ፣ ወደ አዳዲስ ላፕቶፖች ገብቷል። ድራይቨሩ በጃንዋሪ 2024 ከከርነል 6.7 ጋር ወጣ። በቀጣዩ ወር የታደሰው የኡቡንቱ 22.04 መጫኛ የያዘው ከርነል 6.5 ነበር፤ ከ6.7 የሚያልፍ ከርነል የያዘው የዚያው ዕትም እድሳት የመጣው በሴፕቴምበር ነው።